የበረዶ ሻይ ለጤና ይበጃልን? የአንድ ጥያቄ ታሪክ



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ አንድ ተማሪ ከክፍል ስንወጣ ያቀረበልኝ ጥያቄ ነው። «መምህር፣ በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛ ሻይ ከለስላሳ መጠጥ ይልቅ ለጤና ይስማማል ይባላል፤ እውነት ነውን?» አለኝ። እኔ የታሪክ እንጂ የሕክምና ሰው አይደለሁምና ወደ ሐኪም ልመራው ነበር። ሳሰላስለው ግን ይኸው ጥያቄ ከ140 ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው መሆኑን፣ መልሱም በየዘመኑ መለዋወጡን ተገነዘብሁ። የመልሱ መለዋወጥ የሐኪሞች ዕውቀት ስላደገ ብቻ የመጣ አይደለም፤ በብርጭቆው ውስጥ ያለው ነገር ራሱ ስለተለወጠ ጭምር ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

ስለ በረዶ ሻይ አጀማመር በአሜሪካ በሰፊው የሚነገር አንድ ታሪክ አለ። በ1904 በሴንት ሉዊስ ከተማ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ የሕንድን ሻይ ለማስተዋወቅ የተላከው ሪቻርድ ብሌቺንደን፣ በበጋው ሙቀት ትኩስ ሻይ የሚቀምስለት ሰው ቢያጣ በረዶ ጨምሮበት አቀረበ፤ መጠጡም በዚያ ቀን ተወለደ ይላሉ። ታሪኩ ያማረ ነው፤ እውነት ግን አይደለም። በዚያው በሚዙሪ ግዛት፣ ኔቫዳ በምትባል ከተማ፣ በ1890 ለተሰበሰቡ የእርስ በርስ ጦርነት ዘማቾች 880 ጋሎን፣ ማለትም 3,300 ሊትር ያህል የበረዶ ሻይ መቅረቡን የዘመኑ ጋዜጣ መዝግቦታል። ብሌቺንደን መጠጡን አልፈጠረውም፤ የሕንድን ጥቁር ሻይ ግን በብዙ ሰው ዘንድ አሳወቀበት።

ከዚያም ወደ ኋላ ብንሄድ፣ ማሪዮን ካቤል ታይሪ የቨርጂኒያ እመቤቶችን የምግብ አሠራር ሰብስባ በ1879 ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ የበረዶ ሻይ አዘገጃጀት ተጽፎ እናገኛለን። ሻዩ አረንጓዴ ነው። ጠዋት ተዘፍዝፎ ይውልና ማታ በበረዶ ላይ ይቀዳል፤ በየብርጭቆው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር ይጨመራል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ማሳረጊያው ነው። ጥቂት ሎሚ ቢጨመቅበት መጠጡን የሚጣፍጥ ብቻ ሳይሆን ለጤናም የሚበጅ እንደሚያደርገው፣ ምክንያቱም አፍ የሚያኮማትረውን ጠባዩን እንደሚያርቅለት ይገልጻል። እንግዲህ የጤናው ጥያቄ በኋላ የመጣ አይደለም፤ ከጥንቱ ከመጠጡ ጋር ነበረ። ያን ጊዜ የተጠረጠረው ስኳሩ ሳይሆን ቅጠሉ ነበር።

ቀጥሎ የተጠረጠረው በረዶው ነው። በረዶ ለተራው ሕዝብ እንዲዳረስ ያደረገው የቦስተኑ ነጋዴ ፍሬድሪክ ቱዶር ነበር። በ1806 ከማሳቹሴትስ ኩሬዎች የተቆረጠ በረዶ በመርከብ ወደ ማርቲኒክ ደሴት ሲልክ ብዙዎች ሳቁበት። በ1833 ግን 180 ቶን በረዶ ጭኖ ወደ ካልካታ የላከው መርከብ ከአራት ወር ጉዞ በኋላ 100 ቶን ያህሉን ይዞ ደረሰ። በረዶውን ከመቅለጥ ያዳነው ሰጋቱራ ነበር። የንግዱ መስፋፋት በረዶን በአሜሪካ ከተሞች የዘወትር ሸቀጥ አደረገው። ይሁን እንጂ ከተሞች ሲያድጉ ፍሳሻቸው በረዶ ወደሚቆረጥባቸው ወንዞችና ሐይቆች ይገባ ጀመር። ተሕዋስያን በሽታ እንደሚያመጡ ሳይንስ ባረጋገጠበት በዚያ ዘመን፣ በረዶ ታይፎይድ ያስተላልፋል የሚለው ስጋት መሠረት ነበረው። ለወንዝ በረዶ ፍጻሜ አስተዋጽኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው፤ በመኪና የተሠራ በረዶ ተተካ። ከፈላ ውኃ የወጣውን ንጹሕ ሻይ ባልተፈላ ውኃ በረዶ መበከል ዛሬም ቢሆን ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው።

ሦስተኛው ተጠርጣሪ ስኳሩ ነው፤ እርሱ ግን ብዙ ዘመን ሳይጠረጠር ኖረ። እዚህ ላይ ቀላል የሆነ የተፈጥሮ ሕግ አለ። ስኳር በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ አይሟሟም፤ በሙቅ ውኃ ግን እጅግ ብዙ ስኳር ይሟሟል። እንደ 1879ኙ አዘገጃጀት ስኳሩ በበረዶው ላይ ሲደረግ መጠኑ በማንኪያ ይታወቃል። በደቡባዊ አሜሪካ በተለመደው አሠራር ግን ስኳሩ ሻዩ ገና ትኩስ ሳለ ይጨመራል፤ በዚያ ላይ ቅዝቃዜ የምላስን የጣፋጭነት ስሜት ያደበዝዛልና፣ ቀዝቃዛ መጠጥ እንደ ትኩሱ እንዲጣፍጥ ተጨማሪ ስኳር ይፈልጋል። በአትላንታ ወይም በዳላስ የሚኖሩ ወገኖቻችን ምግብ ቤት ሲገቡ አስተናጋጁ «ሻዩ በስኳር ወይስ ያለ ስኳር?» ብሎ የሚጠይቃቸው ለዚህ ነው፤ ከቀዘቀዘ በኋላ መጨመር አያዋጣም።

ፋብሪካው ይህን ልማድ ወርሶ አሰፋው። ዛሬ በግማሽ ሊትር ጠርሙስ 30 ግራምና ከዚያ በላይ ስኳር የያዙ የሻይ መጠጦች ጥቂት አይደሉም። የዓለም የጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው መመሪያ እንዲህ ያለው ስኳር ከቀኑ የምግብ ኃይል ከአሥር በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከአምስት በመቶ እንዳያልፍ መክሯል። አምስት በመቶው ለአንድ ጎልማሳ ሰው 25 ግራም ያህል ነው። አንዱ ጠርሙስ ብቻ ከዚህ ያልፋል ማለት ነው።

«ታዲያ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው» እንዳትሉ ግን ወደ ጃፓን ልውሰዳችሁ። ኢቶ ኤን የተባለው ኩባንያ በ1985 አረንጓዴ ሻይ በቆርቆሮ አሽጎ ለገበያ አቀረበ፤ ስኳር ግን አልነበረውም። ዛሬም በጃፓን በየመንገዱ የሚሸጠው የታሸገ አረንጓዴ ሻይ በአመዛኙ ያለ ስኳር ነው። ፋብሪካውና ማሸጊያው ተመሳሳይ ሆነው ሳለ በውስጡ ያለው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ስኳሩን ያመጣው የሰው ልማድና ምርጫ እንጂ የማሸጉ ጥበብ አይደለም።

የመጨረሻው ተጠርጣሪ መጠኑ ነው። በ2015 የአርካንሳስ ሐኪሞች በአንድ ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የ56 ዓመት ሰው ታሪክ ጽፈው ነበር። ሰውየው በቀን 16 ብርጭቆ፣ አራት ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የበረዶ ሻይ ይጠጣ ነበር። ኩላሊቱ ሲመረመር ኦክሳሌት በተባለው፣ በጥቁር ሻይ ውስጥ በሚገኘው ንጥረ ነገር ጠጣሮች ተጎድቶ ተገኘ፤ የኩላሊት እጥበትም አስፈለገው። የአንድ ሰው ታሪክ ለሁሉም ፍርድ አይሆንም፤ ነገር ግን ከቅዝቃዜው የተነሣ እንደ ውኃ የሚጋት መጠጥ ልክ ሊኖረው እንደሚገባ ያስተምራል። ትኩስ ሻይን ማንም አራት ሊትር አይጠጣም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ስለ ቅጠሉም ልመስክር። ስኳር የሌለው ሻይ ሰውነትን የሚያወፍር ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ጥማትንም ይቆርጣል። በ2016 የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ተቋም ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጡ መጠጦችን ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጡ ይችላሉ ከሚባሉት መድቧቸዋል፤ ቀዝቃዛው ሻይ ከዚህ ነጻ ነው። በሌላ በኩል የሻይ ታኒን፣ ትኩስም ሆነ ቀዝቃዛ፣ ከእህልና ከጥራጥሬ የምናገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል። እንጀራና ሽሮ በልቶ ወዲያው ሻይ ለሚጠጣ ለእኛ፣ በተለይም የደም ማነስ ላለባቸው እናቶች፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚደንቀው፣ በሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ይህን ጉዳት የሚቀንስ መሆኑ ነው። የቨርጂኒያዋ እመቤት ምክንያቱን ባታውቅም በሎሚው አልተሳሳተችም።

ወደ ተማሪዬ ጥያቄ ልመለስ። «ሻይ» የሚለው ስም ከቅጠሉ የተወረሰ መልካም ዝና አለው፤ ለስላሳውን ትቶ ወደ ጠርሙሱ ሻይ የሚሸሽ ሰው የሚተማመነው በዚያ ስም ነው። የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ግን ይህ መተማመን አደጋ አለው፤ ስሙ ቢለወጥም ስኳሩ ያው ስኳር ነውና። ታሪክ የሚያስተምረን፣ ስም ሳይለወጥ በውስጡ ያለው ሊለወጥ እንደሚችል ነው። ስለዚህ ለተማሪዬ የሰጠሁት መልስ አጭር ነበር፦ ከጠርሙሱ ፊት ያለውን ስም ሳይሆን ከጀርባው ያለውን ቁጥር አንብብ፤ ከቻልህም ቤትህ አፍላው፣ አቀዝቅዘው፣ ሎሚ ጨምቅበት፣ ስኳሩንም በራስህ ማንኪያ ለካው።