ብርኩማ፦ ራስ ያረፈበት እንጨት

ዛሬ ትራስ ሲባል በዓይነ ኅሊና የሚመጣው በጥጥ ወይም በስፖንጅ የተሞላ ለስላሳ ጨርቅ ነው። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ በሚኖሩ ብዙ ሕዝቦች ዘንድ ግን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ራስ የሚያርፈው በተጠረበ እንጨት ላይ ነበር። ቃሉም ቢሆን ስለ ልስላሴ የሚናገረው ነገር የለም። «ትራስ» ከግእዙ «ትርኣስ» የመጣ ሲሆን ሥሩም «ርእስ» ነው። ስለዚህ ድንጋይም ይሁን እንጨት፣ ክንድም ይሁን የተጠቀለለ ጋቢ፣ ራስ ካረፈበት ትራስ ነው። የአልጋው ሁለት ጫፎች ራስጌና ግርጌ መባላቸውም ከራስና ከእግር ነው። «ፍራሽ» በአንጻሩ ማንጠፍን ከሚያመለክት የዐረብኛ ቃል የተወረሰ ነው።

ይህ የእንጨት ትራስ በአማርኛ ብርኩማ ይባላል። ዛሬ ብዙ ሰው ብርኩማን የሚያውቀው በዝቅተኛ መቀመጫነቱ ብቻ ነው። የድሮው የራስ ብርኩማ ግን በላዩ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ጎድጓዳ፣ ከሥሩ አንድ ወይም ሁለት እግርና ሰፋ ያለ መቆሚያ የነበረው፣ አብዛኛውን ጊዜም ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ዕቃ ነው።

የዕቃው ዕድሜ እጅግ የራቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1925 በጊዛ በተገኘው የንግሥት ሔተፌሬስ መቃብር ውስጥ፣ ከአልጋዋና ከአልጋዋ ድንኳን ጋር፣ እንዲህ ያለ የራስ ማሳረፊያ ነበረ። ሔተፌሬስ ታላቁን ፒራሚድ ያሠራው የኩፉ እናት ስትሆን፣ የኖረችው ከዛሬ 4500 ዓመት በፊት ነው። መቃብሩ እ.ኤ.አ. በ1922 የተገኘው ቱታንካሙንም ከዝሆን ጥርስና ከመስተዋት የተሠሩ የራስ ማሳረፊያዎች ተቀምጠውለት ነበር። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ከአስከሬኑ ራስ ሥር የተገኘው ትንሽ የብረት ብርኩማ ነው፤ በዚያ ዘመን ብረት ከወርቅ ይልቅ ብርቅ ነበርና። ከዚህ ተነሥቶ ብርኩማ ከግብፅ ወደ ደቡብ ወረደ ማለት ይቀላል። ነገር ግን የቅርጽ መመሳሰል ብቻውን የዘር ሐረግ አያስቆጥርም፤ ግብፅም ራሷ ከአንድ ጥንታዊ የአፍሪካ ልማድ ተካፍላ ሊሆን ይችላል።

ሶማሌዎች የራስ ማሳረፊያውን ባርኪን ይሉታል። ጠባብ እግር ያለው ባርኪን እረኛው ከባድ እንቅልፍ ሲወስደው ይገለበጥና ያነቃዋል፤ በዚህም ከአውሬና ከዘራፊ ይጠብቀዋል እየተባለ ይነገራል። ወሬው ያምራል። ሆኖም በሁለት እግር ተረጋግቶ የሚቆም፣ በሐረግ ቅርጽ ያጌጠ ባርኪንም አለና ሁሉም ለዘብ ጥበቃ ተሠራ ማለት አያስኬድም። በሰሜን ኬንያ የሚኖረው የቱርካና ወንድ ደግሞ ያንኑ አንድ እንጨት ቀን ይቀመጥበታል፣ ሌሊት ይንተራሰዋል፤ በመንገድም አንጠልጥሎት ይሄዳል። በጭቃ ተለስኖ የሰጎን ላባ የተሰካበት የራሱ ፀጉር ከመሬት ጋር እንዳይነካካ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ምሥጢሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ብርኩማ የሚደግፈው አንገትን እንጂ ፀጉርን አይደለም። በደጋው አገር ቀኑን ሙሉ ተቀምጣ ሹሩባ የተሠራችና ቅቤ የተቀባች ሴት፣ ወይም ጎፈሬውን ያበጠረ ጦረኛ፣ በጨርቅ ትራስ ላይ ቢያድር ፀጉሩም ይበላሻል፣ ጨርቁም በቅቤ ይጨቀያል። እንጨት ግን በጠዋት ተወልውሎ ያበቃለታል። በቆላ ደግሞ ከራስ በታች አየር ስለሚያሳልፍ ያቀዘቅዛል፤ ቅማልና ቁንጫ የሚደበቁበት ስፌትም የለውም።

ብርኩማ ሲመረጥ ዋናው ነገር ቁመቱ ነው። በጎን ለሚተኛ ሰው ከትከሻው ጫፍ እስከ አንገቱ ያለውን ርቀት መሙላት አለበት፤ ካነሰ አንገት ይዘነበላል፣ ከበዛ ይቀነጠሳል። ይህ መለኪያ ዛሬ ለስፖንጅ ትራስም ያው ነው፤ የረሳነው እኛ ነን። ለጠራቢ የሚመቸው እንደ ዋንዛ ያለ ቀላል እንጨት ነው። ዕቃው በውኃ ተዘፍዝፎ አይታጠብም፣ ይሰነጠቃልና። የፀጉሩ ቅቤና የእጁ ወዝ ለዓመታት እየጠጣው ጥቁርና አንጸባራቂ ይሆናል።

ጠራቢው ማን ነበር? በጉራጌ አገር የእንጨት ሥራ በአብዛኛው «ፉጋ» በሚል ስም ተለይተው ይኖሩ በነበሩ ሰዎች እጅ ነበር። ቤት ሲሠራ ምሰሶውን የሚያቆሙት እነርሱ ነበሩ፤ ነገር ግን ከእነርሱ ጋር መጋባት ነውር ሲሆን መሬት ከማረስም ይከለከሉ ነበር። ባለርስቱ ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ያሳረፈው፣ ቀን ከቤቱ ባራቃቸው ሰዎች ሥራ ላይ ነበር ማለት ነው።

በደጋው ባለአልጋ መሆን ራሱ ማዕረግ ነበር። ብዙው ሰው ቁርበት አንጥፎ በመደብ ላይ ሲያድር፣ የጠፍር አልጋ የጌታ ቤት ዕቃ ነበር። «አልጋ ወራሽ» በሚለው ማዕረግ አልጋ ዙፋን ማለት የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። የጠፍር አልጋ እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ጥሬው ቆዳ ርሶ ይወጠርና ሲደርቅ ይጠብቃል፣ ሲላላ ደግሞ እንደገና ይሳባል። ትኋን ከገባበት ወደ ደጅ ይወጣና በየመጋጠሚያው የፈላ ውኃ ይፈስበታል።

ከዚያ በኋላ የጭድ ፍራሽ፣ በባሕሩ ጠረፍ ስዋሂሊዎች ሱፊ የሚሉት የዛፍ ጥጥ፣ በየከተማውም የጥጥ ፍራሽ መጣ። የጥጥ ፍራሽ ሲተኙበት ይጓጉላልና በየጊዜው ተፈትቶ ይነደፋል፤ ፀሐይም ያድነዋል። ስፖንጅ የተወለደበት ፖሊዩሬቴን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1937 በጀርመን አገር በኦቶ ባየርና በባልደረቦቹ ሲሆን፣ ለስላሳው ፍራሽ ወደ ገበያ የወጣው በ1950ዎቹ ነው። ፍራሽ ማስጣት የሚለው የእናቶች ደንብ ግን እዚህ ላይ ይሰናከላል። ለጥጥ መድኃኒት የሆነው ኃይለኛ ፀሐይ ስፖንጅን ቢጫ አድርጎ ያፈረፍረዋል። ስፖንጅ የሚፈልገው ነፋስ ያለበት ጥላ ነው፤ እርጥበቱ እስኪወጣም ከግድግዳ ጋር አቁሞ ማሳደር ይበጀዋል።

ብርኩማው ከጎጆ ወጥቶ ወደ ዕቃ ሰብሳቢዎች እጅ የገባው በዚሁ ዘመን ነው። ሰብሳቢው የሚፈልገው አዲሱን ሳይሆን ቅቤ ያጠቆረውን፣ ብዙ ሌሊት ያደረበትን ነው። ስለዚህ በየአገሩ ሙዚየም የተቀመጡት ብርኩማዎች የአገርና የሕዝብ ስም ሲጻፍባቸው፣ የጠራቢውም የተኚውም ስም የለባቸውም። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ በሰጡት በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግን፣ የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ከነአልጋው ለጎብኚ ሲታይ ኖሯል፤ የተኛበትን ሰው ስም የሚጠይቅ የለም።