ከይፋግ ኬላ እስከ ስልካችን፦ የገበያው በር በማን እጅ ነው?



ስልካችን ላይ መተግበሪያ ስንገዛ የምንከፍለው ገንዘብ በሙሉ ለሠራው ሰው የሚደርስ ይመስለናል። ግን በመሐል በር አለ፤ በሩም ቀረጥ አለው። ይህ ነገር ለአካባቢያችን ነጋዴዎች አዲስ አይደለም።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ታቦር ሰሜን ምዕራብ የምትገኘው ይፋግ ስመ ጥር ገበያ ነበረች። ጎረቤቷ ደሪጣ ደግሞ የሙስሊም ነጋዴዎች መኖሪያ ነበረች። ከእናርያ የሚመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅና የዝሆን ጥርስ በጎጃሙ የባሶ ገበያ አልፎ በይፋግና በጎንደር በኩል ወደ ምጽዋ ይወርድ ነበር። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይመጣል። በዚያው መንገድ ሰዎችም በባርነት ይሸጡ እንደነበር መሸሸግ አይገባም።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበርና እያንዳንዱ ገዥ በግዛቱ መግቢያ ኬላ አቁሞ ቀረጥ ይቀበላል። ይፋግም የቀረጥ በር ነበረች። ነጋዴዎች በቅፍለት ተሰባስበው ይጓዛሉ፤ አለቃቸው ነጋድራሱ ከኬላ ጠባቂው ጋር ይደራደራል። በየኬላው የተከፈለው ሁሉ ግን በመጨረሻ በገዢው ላይ ያርፋል።

አፄ ቴዎድሮስ በነገሡበት በ1855 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ቆንስል ዋልተር ፕላውደን በጻፈው ዘገባ፣ ንጉሡ ቀረጥ በግዛታቸው በሦስት ቦታ ብቻ እንዲሰበሰብ ማዘዛቸውን ይገልጻል። ቀረጥ ይቅር አላሉም፤ የበሩን ብዛት ገደቡ እንጂ።

አሁን ወደ ስልካችን እንምጣ። አፕል የመተግበሪያ መደብሩን በ2008 እ.ኤ.አ. ሲከፍት ከእያንዳንዱ ሽያጭ 30 በመቶ ይወስድ ነበር። የ100 ብር መተግበሪያ ከተሸጠ ለሠሪው 70 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው። ከ2021 ጀምሮ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ለሚያስገቡ ወደ 15 በመቶ ዝቅ አድርጓል። በ2020 ኤፒክ የተባለው ኩባንያ ፎርትናይት በተሰኘው ጨዋታው ላይ የራሱን መክፈያ ሲያስገባ አፕል ጨዋታውን ከመደብሩ አወጣው፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ አፕል ለሌሎች መደብሮች በር እንዲከፍት በሕግ አስገድዷል።

የመደብሩ ባለቤቶች «በሩን የምንጠብቀው ለእናንተ ደኅንነት ነው» ይላሉ። ይህ ከንቱ ቃል አይደለም። በአንድሮይድ ስልክ ከመደብሩ ውጭ፣ ለምሳሌ በቴሌግራም የተላከ ፋይል መጫን ይቻላል፤ የባንክ መተግበሪያ መስሎ የሚሰርቅም በዚያው ይገባል። ቀረጥ የሚቀበል ሰው መንገዱን ከሽፍታ ከጠበቀ ክፍያው ይገባዋል። ችግሩ ሌላ መንገድ የሌለ ጊዜ ነው፤ ያኔ ዋጋውን የሚቆርጠው የበሩ ጌታ ብቻ ይሆናል።

በሀገራችንም አዋጅ ቁጥር 813/2006 በገበያ የበላይነት ያለአግባብ መጠቀምን ከልክሏል። የቴሌኮም ገበያው ለሁለተኛ ኦፕሬተር ሲከፈት ደግሞ ምርጫ ምን ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችን አይተናል።

ስለዚህ መተግበሪያ የምትሠሩም የምትገዙም ወጣቶች ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በሩ የማን ነው? ስንት ይወስዳል? ሌላ መንገድስ አለ? የደሪጣ ነጋዴ አህያውን ከመጫኑ በፊት የመንገዱን ኬላ ይቆጥር ነበር፤ እኛም እንቁጠር።