የሮዚን ፕሮሰስ

በኖቬምበር 1842 አንድ ጀርመናዊ ከአዲስ ሚስቱ ጋር ታጁራ ወደብ ደረሰ። (አውሮፓዊ የወር ስም ያላቸው ቀኖችና የታሪኩ ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሊሄዱ ያሰቡት አንኮበር ነው። ባልየው አገሩን ያውቀዋል፤ ከ1839 ጀምሮ ሦስት ዓመት ሊሞላው ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ኖሮበታል። ንጉሡን ያውቃል፤ አማርኛ ይናገራል። ሚስቱ ግን ሸዋን አይታው አታውቅም። ታጁራ ላይ የጠበቃቸው መልስ አጭር ነበር፦ የሸዋ ንጉሥ አውሮፓውያን እንዳይገቡ ከልክሏል።

ሰውየው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ ይባላል። ስሙን ከዚህ በፊት የሰማችሁ ካላችሁ የኬንያን ተራራ ያየ የመጀመሪያው አውሮፓዊ ተብሎ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን የእኛ ሰፈር ሰው ነበር። እኔ ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ አንኮበር ከእኛ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አሁን የምኖረው ሽቱትጋርት፣ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ። ክራፕፍ የተወለደባት ዴሬንዲንገን ደግሞ ዛሬ የቱቢንገን ከተማ አካል ናት፤ ከዚህ በባቡር ብዙም አትርቅም። እሱ ከዚህ ሄዶ ሚስቱን ወደዚያ ለማስገባት ሞከረ። እኔ ከዚያ መጥቼ ሚስቴን ወደዚህ ለማምጣት ፋይል አስገብቻለሁ። "ፕሮሰስ ላይ ነን" የሚለውን ቃል የኖራችሁበት ታውቁታላችሁ።

የትዳር ቪዛ ሲባል ነገሩ ስለ ትዳር ይመስላል። የሰሜን ሸዋን የድሮ ታሪክና የዛሬውን ሕግ ጎን ለጎን ሳነብ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ ይመጣብኛል፦ በሩ ላይ ከጋብቻው በፊት የሚመዘነው ቀድሞ የገባው ሰው ነው። ለአገሩ ጌታ ምን ይጠቅማል? ሚዛኑ ሲወጣ ሲወርድ ደግሞ ዋጋውን የምትከፍለው በር ላይ የቆመችው ናት።

በሩ

ሣህለ ሥላሴ ሸዋን ከ1813 እስከ 1847 ገዛ። በዘመኑ ፓስፖርት የለም፤ በር ግን ነበር። ከታጁራ የተነሣ ሲራራ ነጋዴ የአሳልን ሐይቅ አልፎ፣ የአፋርን በረሃ በሳምንታት አቋርጦ ይፋት ጫፍ ላይ ፋሬ ይደርሳል። እዚያ የይፋቱ ገዢ ወላስማ መሐመድ አለ። ከንጉሡ ቃል ሳይመጣ እንግዳ ሽቅብ ወደ አንኮበር አይወጣም። በ1841 የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ካፒቴን ሃሪስ እንኳ ከነስጦታው እዚያው ቆሞ ጠብቋል። ፋሬን የዚያን ዘመን ቦሌ በሉት።

ንጉሡ የሚፈልገውን ያውቅ ነበር። ሐኪም፣ ግንበኛ፣ አንጥረኛ፣ ጠመንጃ። ክራፕፍ ሰባኪ ነው፤ አስተማሪዎች ይምጡ ሲል ንጉሡ ከአስተማሪ ይልቅ ባለሙያ እንደሚሻል ነግሮታል። እንደዚያም ሆኖ ክራፕፍ ጠቃሚ ሰው ሆነ። የሃሪስ ቡድን ሲመጣ በቋንቋውም በምክሩም ረዳ፤ በኖቬምበር 16 ቀን 1841 ሣህለ ሥላሴና እንግሊዞች የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራረሙ። በወረቀት ከታየ፣ ለአንድ የውጭ አገር ሰው ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

መንገዱ

ክራፕፍ በኢትዮጵያ ቆይታው አንድ ነገር አምኖ ነበር፦ ሚስት የሌለው ሚስዮናዊ በዚህ አገር አይሳካለትም። በማርች 10 ቀን 1842 ከአንኮበር ተነሣ። ጎንደር የገቡትን አዲሱን ጳጳስ አቡነ ሰላማን ማግኘት፣ ከዚያም ግብፅ ወርዶ ከባዝል የምትመጣውን ሮዚን ዲትሪሽን ማግባት አሰበ። መንገዱ በወሎ ነበር። እዚያ አዳራ ቢሌ የሚባል ባላባት ይዞ ንብረቱን ዘረፈው። ባዶ እጁን ሊባል በሚችል ሁኔታ ሜይ 1 ቀን ምጽዋ ደረሰ። በዚያው ዓመት መኸር እስክንድርያ ላይ ተጋቡ፤ ከዚያ ወደ ታጁራ።

በሩ ለምን ተዘጋ? አንድ ምክንያት ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ በጃንዋሪ 1839 ኤደንን በኃይል ይዛለች፤ በባሕሩ ዳር ወሬው አልበረደም። የሃሪስ ቡድን ስጦታ ብቻ ይዞ አልመጣም፤ ጥርጣሬም ይዞ መጥቷል። ክራፕፍ በ1839 ሲገባ አንድ መንገደኛ ነበር፤ በ1842 ሲመለስ የእንግሊዝ ጥላ አብሮት ነበር። ዓመት ገደማ የሆነው ውል አላዳነውም።

ሮዚን ነፍሰ ጡር ነበረች። በ1843 መጀመሪያ በምጽዋ በኩል ወደ ትግራይ ለመግባት ሞከሩ። ከምጽዋ ወደ ደጋው በሚወስደው የሾሆ በረሃ ላይ ጊዜዋ ሳይደርስ ምጥ መጣባት። ልጅቷ ብዙም አልቆየች። ክራፕፍ ሲያጠምቃት ያወጣላትን ስም በመጽሐፉ ጽፎታል፦ እንባ። ቋንቋው አማርኛ ነው፤ ሊገቡባት ካልቻሉት አገር የተወሰደ ቃል።

ትግራይም አልሆነም፤ ተባረሩ። ከኤደን ተነሥተው በጃንዋሪ 1844 ዛንዚባር፣ ከዚያ ሞምባሳ። በጁላይ 1844 ሮዚን ሞምባሳ ላይ እንደገና ወለደች፤ በዚያው ሰሞን በወባ ንዳድ ሞተች፤ ሕፃኗም በቀናት ልዩነት ተከተለቻት። መቃብሯ እስካሁን እዚያ ነው። ክራፕፍ ቀጠለ። በ1849 የኬንያን ተራራ አየ፤ የስዋሂሊ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ ታሪክ ውስጥ ገባ። እሷ ሸዋን ሳታይ ቀረች።

ባለሙያና ማስያዣ

ይህ የአንድ ንጉሥ ጠባይ ነው እንዳንል፣ ክራፕፍ ራሱ በ1855 ከማርቲን ፍላድ ጋር ወደ ኢትዮጵያ ተመልሷል። በዚያን ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቴዎድሮስ ነበሩ። በእሱ ጥረት የመጡት ሚስዮናውያን የእጅ ሙያ ያላቸው ወጣቶች ነበሩ፤ ዘዴው ካለፈው የተማረ ይመስላል። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ሰፈሩ፤ ቤት ተሰጣቸው፤ አንዱ፣ ቴዎዶር ቫልድማየር፣ የቴዎድሮስን ወዳጅ የጆን ቤልን ልጅ አገባ። ንጉሡ የጠየቋቸው ግን ወንጌል አልነበረም። መድፍ ነበር፤ ሴባስቶፖል የተሠራው በእነሱ እጅ ነው።

ፍላድም ከሚስቱ ከፓውሊነ ጋር ይኖር ነበር። በ1866 ቴዎድሮስ ተጨማሪ ባለሙያ ከእንግሊዝ እንዲያመጣላቸው ፍላድን ወደ ንግሥት ቪክቶሪያ ሲልኩ፣ ሚስቱንና ልጆቹን እዚህ አስቀሩ። እንደሚመለስ ማስያዣ ናቸው። ፍላድም ተመለሰ። እስቲ አስቡት፦ ትዳሩ በሕግ የታወቀ ነው፣ ሚስት አገር ውስጥ ገብታለች፣ "ፕሮሰሱ አልቋል"። ግን መግባቷ ራሱ የባሏ ሰንሰለት ሆነ።

ወደ አንኮበር እንመለስ። በ1879 አንድ ወጣት የስዊዘርላንድ መሐንዲስ፣ አልፍሬድ ኢልግ፣ ምኒልክን ለማገልገል እዚያ ደረሰ። ድልድይ ሠራ፣ ውኃ በቧንቧ አመጣ፣ የባቡሩን ነገር ገፋ፤ በመጨረሻ የንጉሠ ነገሥቱ የመንግሥት አማካሪ ሆነ። በ1895 ዙሪክ ላይ ፋኒ ጋቲከርን አግብቶ ይዟት መጣ፤ አዲስ አበባ ኖሩ። ሮዚንን የመለሰው በር ፋኒን አስገባ። በእርግጥ በመሃሉ ከ50 ዓመት በላይ አለ፤ ንጉሡም፣ ዘመኑም፣ ወደቡም ሌላ ነው። ግን የሁለቱን ባሎች ሙያ አስተያዩት። እኔም መሐንዲስ ነኝና ንጽጽሩ በጣም አይመቸኝም።

የዛሬው ሚዛን

ጀርመን ከ2007 ጀምሮ ከውጭ የሚመጣ የትዳር ጓደኛ መሠረታዊ ጀርመንኛ እንዲችል ትጠይቃለች። አዲስ አበባ ላይ ጎተ ኢንስቲትዩት ለፈተና የሚቀመጡትን ሙሽሮች ያየ ያውቃል። ሆኖም ልዩነት አለ። ባልየው ወይም ሚስትየዋ ለከፍተኛ ባለሙያ የሚሰጠው ሰማያዊ ካርድ ካላቸው፣ የሚመጣው ሰው ፈተናው አይጠበቅበትም። የአሜሪካና የጃፓን ዜጎች የትዳር ጓደኞችም እንዲሁ። እኔ ሰማያዊ ካርድ አለኝ፤ ስለዚህ ሚስቴ አትፈተንም። ከፈተናው ነፃ በማያወጣ ፈቃድ የሚኖር የደብረ ብርሃን ልጅ ሚስት ግን፣ አብራት በአንድ ቀን ተድራ፣ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ተባርካ፣ ብዙ ጊዜ "ኢሽ ሃይሰ" ማለትን ቁጭ ብላ ማጥናት አለባት። ጋብቻቸው አንድ ነው። የተለየው የባሎቻቸው ካርድ ነው።

እንግሊዝ ነገሩን በቁጥር ጻፈችው። በ2012 ሚስት ወይም ባል ማምጣት የሚፈልግ ሰው ቢያንስ 18,600 ፓውንድ የዓመት ገቢ እንዲኖረው ተደነገገ፤ በኤፕሪል 2024 ወደ 29,000 ወጣ። ፋሬ ላይ በቃል ይመዘን የነበረው አሁን በደመወዝ ወረቀት ይመዘናል። ማስያዣውም በቀላል መልኩ አለ፦ ጀርመን የመጣች ሚስት፣ ከልዩ ሁኔታ በቀር፣ ትዳሩ ቢፈርስ በራሷ ስም የመኖር መብት የምታገኘው አብረው እዚህ ሦስት ዓመት ከኖሩ በኋላ ነው።

ታዲያ ትዳሩ ራሱ የት ገባ? በማስረጃ ክምር ውስጥ። እኛ ጋ ጋብቻ ሁልጊዜ በሰው ፊት የሚታሰር ነገር ነው፤ ሽማግሌ ይላካል፣ ምስክር ይቆማል፣ ሰማንያ ይታሰራል፣ የቆረበ ይቆርባል። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የተፈጸመን ጋብቻ ሦስቱንም ይቀበላል። ወረቀቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ውጭ አገር ግን ወረቀቱ ይቀድማል፤ ሽማግሌ ፎርም ላይ ቦታ የለውም።

ፎርሙ "የቤተሰብ ስም" ይላል። የለንም። ሚስቴ የአባቷን ስም ይዛ ትቀጥላለች፤ የእኔ "የቤተሰብ ስም" የአባቴ ስም ነው፤ ሁለታችን በኮምፒውተር ዓይን ባዕድ ነን። ቀኑም እንደዚያው። የተጋባነው ጥር 19 ቀን 2016 ነው። የ2015 ጳጉሜ 6 ስለነበረች መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለች፤ ስለዚህ ሠርጋችን ጃንዋሪ 28 ይሆናል። አንድ ያስተረጎምንበት ቢሮ የዘወትሩን ሒሳብ አስልቶ 27 ብሎ ጻፈ። በአንዱ ሰነድ 28፣ በሌላው 27። ወረቀቱን ለማስተካከል ሚስቴ ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትሩን ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች፤ መንገዱ በሚከፈትበትና በሚዘጋበት ዘመን። እኔ ያወጣሁት የስልክ ካርድ ነው፤ እሷ ያወጣችው ጉዞውን ነው።

አንዳንድ አገሮች ደግሞ ትዳሩ እውነተኛ መሆኑን ለማየት የመልእክት ልውውጥ ይጠይቃሉ። በአማራ ክልል ከኦገስት 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ ስንት ባልና ሚስት ዝም ተባባሉ? ፋይሉን የሚያነብ ሰው ዝምታውን ምን ብሎ ያነበዋል? እኔ ፕሮግራመር ነኝ፤ የጎደለ ዳታ ማለት "አልነበረም" ማለት እንዳልሆነ በየቀኑ የማየው ነገር ነው። ሲስተሙን የሠራው ሰው ይህን ካላሰበበት ግን ባዶው ቦታ እንደ መልስ ይቆጠራል።

የማን ደብዳቤ

ክራፕፍ መጽሐፉን በ1858 በጀርመንኛ አሳተመ፤ በ1860 በእንግሊዝኛ ወጣ። የታጁራውን መልስ፣ የበረሃውን ምጥ፣ የሞምባሳውን መቃብር በዋናነት የምናውቀው ከእሱ ብዕር ነው። ሮዚን ታጁራ ላይ "አይገቡም" ሲባል ምን አለች? ነፍሰ ጡር ሆና በበቅሎ ወደ ደጋው ሲወጡ መመለስ ፈልጋ ነበር? የልጇ ስም እንባ እንዲባል ተስማምታለች? የተከለከለችው ከባሏ ጋር ነው፤ የተጻፈችውም በባሏ ነው።

የእኛም ፋይል እንደዚያው ነው። አመልካቿ እሷ ሆና ሳለ ግማሹ ወረቀት ስለ እኔ ነው፦ የእኔ ውል፣ የእኔ ደመወዝ፣ የእኔ ቤት ስፋት፣ የእኔ ካርድ። አንድ ቀን ልጆቻችን ይህን ፎልደር ቢከፍቱት እናታቸው ደብረ ብርሃን ሆና እነዚህን ወራት እንዴት እንዳሳለፈች አንድ ዐረፍተ ነገር አያገኙም።

ይህን በስልክ ስነግራት፣ "እና አንተ ልትጽፍልኝ ነው?" አለችኝ። አይ፣ አልኳት። አሁን ደብተር ገዝታለች። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ታሰፍራለች፣ የሆነውን ትጽፋለች። ምን እንዳለበት አላውቅም፤ አላሳየችኝም።