የቀድሞ ተዋጊዎች የሥራ ሕይወት በመቐለ

መቐለ፣ የትግራይ ክልል ርዕሰ ከተማ፣ ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሦስት ጊዜ ከጦር ሜዳ የተመለሱ ሰዎችን ተቀብላለች። የመጀመሪያዎቹ ደርግ ሲወድቅ የተመለሱ ናቸው። ሁለተኛዎቹ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲያበቃ መጡ። ሦስተኛዎቹ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ከተፈረመው የሰላም ስምምነት በኋላ ወደ ቤታቸው መመለስ የጀመሩት ናቸው። በሦስቱም ጊዜ ተመላሹ መሣሪያውን አስረክቦ እንጀራውን በራሱ ሥራ እንዲያገኝ ተጠይቋል። የከፈተው ሱቅ ወይም ያቆመው ብየዳ ቤት መዝለቁ ግን ከባለቤቱ ብርታት ይልቅ፣ የተበደረውን ከፍሎ እስኪጨርስ ሰላሙ በመቆየቱና ባለመቆየቱ ላይ ተንጠልጥሎ ኖሯል።

ከመሬት ወደ ከተማ

በኢትዮጵያ ወታደርን በመሬት መካስ የቆየ ልማድ ነው። የጣሊያን ወረራ ካበቃ በኋላ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለአርበኞች፣ ከስደት ለተመለሱና ለወታደሮች ጋሻ መሬት ይሰጥ ነበር፤ አንድ ጋሻ በግምት 40 ሄክታር ነው። ሌላው ዓለምም የራሱ ዘዴ ነበረው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1944 ባወጣችው ሕግ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ ወታደሮቿን የትምህርት ወጪ ሸፈነች፤ ቤት ለሚሠራ፣ እርሻ ለሚይዝ ወይም ንግድ ለሚከፍት ተመላሽም ከባንክ ለሚወስደው ብድር መንግሥት ዋስ ሆነ።

ትግራይ ውስጥ በመሬት መካስ የሚቻል አልነበረም። በክልሉ አጠቃላይ የመሬት ሽግሽግ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ መንደሩ የተመለሰ ሰው ማሳው ተደልድሎ፣ የወላጆቹም ድርሻ ለልጆች የማይበቃ ሆኖ ጠበቀው። የቀረው አማራጭ ከተማ ነው፤ በትግራይ ደግሞ ከተማ ከተባለ መጀመሪያ የሚታሰበው መቐለ ነው። በ1987ቱ የሕዝብ ቆጠራ ወደ 97,000 የሚጠጋ ነዋሪ የነበራት ከተማ በ1999ኙ ቆጠራ ከ215,000 በላይ ሆናለች። ይህ ሁሉ ሰው የሚኖርበት ቤት መሠራት ነበረበት። ጠራቢና ግንበኛ፣ ብሎኬት አምራች፣ በርና መስኮት የሚበይድ ሰው ተፈላጊ ሆነ። ያለ ዲፕሎማና ያለ ርስት ለመጣ ሰው የተከፈተለት በር ይህ ነበር።

ደሞዝ የማያውቅ ታጋይ

የሕዝባዊ ወያነ ሓርነት ትግራይ (ሕወሓት) የትጥቅ ትግል የካቲት 11 ቀን 1967 ዓ.ም. በደደቢት ሲጀመር ታጋዩ ደሞዝ አልተቆረጠለትም። ምግቡን፣ ልብሱንና ሳሙናውን ድርጅቱ ያቀርብለታል፤ እሱም ጉልበቱንና ሕይወቱን ለድርጅቱ ይሰጣል። በዚህ ሥርዓት አሥር ዓመትና ከዚያ በላይ የኖረ ሰው የቤት ኪራይ ከፍሎ አያውቅም፤ በዋጋ ተከራክሮ፣ ለነገ ብሎ ብር አስቀምጦም አያውቅም። በዚያ ላይ የተማረው የፖለቲካ ትምህርት ማርክሳዊ ነበር፤ ትርፍ የሌላው ሰው ላብ ነው ብሎ የሚያስተምር። በ1983 ዓ.ም. የዋጋ ነገር የጦርነትን ያህል ከባድ የሆነበት ታጋይ ቢኖር አይደንቅም። አስተዳደጉ ያላዘጋጀውን ነገር ነው በአንድ ጊዜ እንዲለምድ የተጠየቀው።

ባዶ እጁን ግን አልመጣም። ድርጅቱ በረሃ ውስጥ ጋራዥ፣ የሕክምና ጣቢያ፣ የራዲዮ ጣቢያና የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነበረው። በ1970 ዓ.ም. የተቋቋመው የትግራይ ረድኤት ማኅበር፣ በትግርኛ ምህጻሩ ማረት፣ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ እህል በሌሊት ድንበር አሻግሮ ሲያጓጉዝ ሰፊ የሎጂስቲክስ ልምድ አካብቷል። ሞተር ፈትቶ የሚገጥም መካኒክ፣ ቁስል የሚያክም ሐኪም፣ መቶ ሰው የሚያስተዳድር መጋቢ ከዚህ ወጥቷል። የጎደለው ይህን እውቀት ዋጋ አውጥቶ ለገበያ ማቅረብ ነበር። በአገሩ የቆየው የእጅ ሥራን የመናቅ ልማድ፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን፣ ቆዳ የሚያለፋውንና ሸክላ የሚሠራውን ዝቅ አድርጎ የማየት ነገር፣ አንድ ተጨማሪ ሸክም ነው። ስለ ተመላሾች ሲወራ ሴት ታጋዮች ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። ከሠራዊቱ ሰፊ ድርሻ የነበራቸው እነዚህ ሴቶች በጦር ሜዳ አዛዥና ሐኪም ሆነው ከሠሩ በኋላ ሲመለሱ፣ ሰፈሩ የጠበቃቸው በጉሊትና በጓዳ ነው።

የመጀመሪያው ተመላሽ

በሰኔ 1983 ዓ.ም. የሽግግሩ አስተዳደር የቀድሞ ሠራዊት አባላትንና የጦር ጉዳተኞችን የሚያቋቁም ኮሚሽን አቋቋመ። ኮሚሽኑ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ450,000 በላይ የደርግ ወታደሮችን ትጥቅ አስፈትቶ ወደ ቤታቸው የመመለስ ሥራ ሠርቷል፤ በአፍሪካ ከተካሄዱት መሰል ሥራዎች ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ገጠር ለገቡት እርሻ የሚጀምሩበት ዘርና መሣሪያ፣ ለአንዳንዶቹም በሬ ተሰጣቸው። ከተማ ከገቡት ውስጥ ከመዝመታቸው በፊት የመንግሥት ሥራ የነበራቸው ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሌሎቹ ሥልጠናና ተዘዋዋሪ ብድር አገኙ። የጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅትም አነስተኛ ፕሮጀክቶችን ደግፏል። በደርግ ሠራዊት ውስጥ ያገለገሉ የትግራይ ተወላጆችም ስለነበሩ፣ በአንድ ሰፈር በተቃራኒ ጎራ ሲዋጉ የኖሩ ጎረቤታሞች ጎን ለጎን ሱቅ ከፈቱ። ከዚህ በኋላ ገዢው ግንባር ኢሕአዴግ የራሱን ሠራዊት ቁጥር ሲቀንስ የቀድሞ ታጋዮችም ተራ በተራ ወደ ሲቪል ኑሮ ወጡ።

ለእነዚህ ሰዎች ትልቁ ችግር መነሻ ገንዘብ ነው፤ ባንክ የቤት ካርታ ይጠይቃል፣ እነሱ ግን ቤት የላቸውም። በ1986 ዓ.ም. በማረት ሥር የተጀመረውና ስሙን ከትግሉ መነሻ ቦታ የወሰደው የደደቢት ብድርና ቁጠባ ተቋም ይህን ክፍተት በቡድን ዋስትና ሸፈነው። ጥቂት ሰዎች ተሰባስበው አንዱ ለሌላው ዋስ ይሆናል፤ አንዱ ካልከፈለ ሸክሙ በሌሎቹ ላይ ይወድቃል። አብረው ምሽግ ለቆፈሩ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ደደቢት ከአገሪቱ ትልልቅ የአነስተኛ ብድር ተቋማት አንዱ ለመሆን የበቃበት ምክንያትም በከፊል ይህ መተማመን ይመስላል። መልካም ጎኑን አይቶ የሚፈርድ ሰው ግን ድክመቱን ማለፍ የለበትም። ብድሩ ትንሽ ነው፣ የመክፈያ ጊዜውም አጭር። ለእህል ንግድና ለዶሮ ርባታ ይስማማል፤ የብየዳ ማሽን ገዝቶ፣ ደንበኛ እስኪያፈራ ወራት ለሚጠብቅ ሰው ግን ያጥራል። በዚህ ጊዜ ቀዳዳውን የሚደፍነው ዕቁብ ነው፤ ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ማሽኑን ገዝቶ ቀሪውን ዕቁብ ከሥራው ይጥላል።

ከትንሹ ንግድ ጎን ለጎን ትልቁም ተተከለ። በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው የትግራይ መልሶ ማቋቋሚያ ኢንዶውመንት (ትእምት) በመቐለ መስፍን ኢንዱስትሪያል ኢንጂነሪንግንና መሰቦ ሲሚንቶን፣ በዓድዋ አልመዳ ጨርቃ ጨርቅን፣ በውቅሮ ሸባ የቆዳ ፋብሪካን ይዞ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ቀጥሯል። የቀድሞ ታጋዮች በአመራርም በሠራተኛነትም ነበሩበት። ክርክርም አላጣውም። ደጋፊዎቹ ጦርነት ያደቀቀው ክልል የግል ባለሀብት እስኪመጣ መጠበቅ አይችልም ነበር ይላሉ። ተቺዎቹ ደግሞ ከፖለቲካ ፓርቲ ጋር የተሳሰረ ኩባንያ የግሉን ነጋዴ ገበያ ያጠባል ይላሉ። ለአንድ የመቐለ ብየዳ ቤት ባለቤት ሁለቱም እውነት ነበሩ፤ ትልቁ ድርጅት ሥራ ይሰጠዋል፣ ያው ድርጅት ደግሞ ሊወዳደረው የማይችለው ባላንጣው ነው።

የ1990 ጥሪ

በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲቀሰቀስ ሥራ የጀመሩ የቀድሞ ታጋዮች እንደገና ተጠሩ፤ ከደርግ ሠራዊት የተሰናበቱ ልምድ ያላቸው ወታደሮችም ተመልሰው ዘመቱ። በዚያው ዓመት ግንቦት 28 ቀን የመቐለው ዓይደር ትምህርት ቤት በኤርትራ አውሮፕላኖች ተደበደበ። ብድሩን ከፍሎ ያልጨረሰ ሰው ሱቁን ለሚስቱ ወይም ለእህቱ ትቶ ሄደ። አንዳንዱ ንግድ በሴቶቹ ጥረት ቆመ፣ አንዳንዱ ተዘጋ። ከአልጀርሱ የታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. ስምምነት በኋላ በዓለም ባንክ ገንዘብ በተካሄደው የመቀነስና የማቋቋም ፕሮግራም በመላ አገሪቱ ወደ 148,000 የሚጠጉ ተዋጊዎች ተሰናበቱ። ብዙዎቹ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥ ከሠራዊት ወደ ሲቪል ኑሮ ሲወጡ ሁለተኛ ጊዜያቸው ነበር።

ቀጥሎ የመጡት ሃያ ዓመታት መቐለ ረዥም ሰላም ያየችባቸው ናቸው። ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት ተደራጁ፣ የመሥሪያ ሼድ ተሠራ፣ ኮብልስቶን የሚያነጥፉ ማኅበራት በየቀበሌው ተመሠረቱ፣ ባጃጅ መንገዱን ሞላው። ብድር ተከፍሎ በላዩ ሁለተኛና ሦስተኛ ብድር የተወሰደው በእነዚህ ዓመታት ነው።

ከፕሪቶሪያ በኋላ

በጥቅምት 2013 ዓ.ም. የፈነዳው ጦርነት ይህን ሁሉ አቋረጠ። ኅዳር 19 ቀን የፌዴራሉ ጦር መቐለ ገባ፤ ሰኔ 21 ቀን የትግራይ ኃይሎች ከተማዋን መልሰው ያዙ። ከዚያ በኋላ ባንክ፣ ስልክና መብራት ለአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ተቋረጡ። በባንክ ገንዘብ ያለው ሰው ሊያወጣው አልቻለም፤ ዕቁብ የሚጥልበት ብርም ጠፋ። አገልግሎቱ በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ሲመለስ ከጦርነቱ በፊት የተወሰደ ብድርና በላዩ የተጠራቀመው ወለድ የከተማዋ ነጋዴዎች ሁሉ ጥያቄ ሆኖ ወጣ። የቀድሞ ተዋጊ የሆነው ነጋዴም ከዚህ አላመለጠም።

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2015 ዓ.ም. በደንብ ቁጥር 525 ያቋቋመው ብሔራዊ ተሃድሶ ኮሚሽን በሰባት ክልሎች 371,971 የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ የመመለስ ዕቅድ አወጣ፤ ከእነዚህ አብዛኞቹ ትግራይ ውስጥ ናቸው። ሥራው በይፋ የተጀመረው ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. በመቐለ ነው። በመጀመሪያው ዙር 75,000 የትግራይ ተዋጊዎችን በመቐለ፣ በእዳጋ ሓሙስና በዓድዋ ማዕከላት ለመቀበል ታሰበ። ለዚህ ዙር ከልማት አጋሮች 60 ሚሊዮን ዶላር፣ ከመንግሥት 1 ቢሊዮን ብር መመደቡ ተነግሯል። ተዋጊው መሣሪያውን ያስረክባል፣ ይመዘገባል፣ በማዕከሉ የጥቂት ቀናት ሥልጠና ይወስዳል፣ ከዚያ መቋቋሚያ ገንዘብ ይዞ ይወጣል። የሙያ ሥልጠናና የሥራ መሣሪያ ድጋፍ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ምዕራፍ ሆኖ ታቅዷል።

ፈተናው ያለውም እዚህ ላይ ነው። መቋቋሚያው ገንዘብ የሚሰጠው በአንድ ጊዜ ነው፤ ወንድም የሞተበት፣ ቤቱ የተቃጠለ፣ ለወራት ሳይከፈለው የቆየ ሰው ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርገው ዕዳ መክፈልና ቤተሰቡን ማብላት ነው። ለንግድ የሚተርፈው ያንሳል። የአሁኑ ተመላሽ ከ1983ቱ ትውልድ የሚለይበትም ብዙ ነው። የዚያ ጊዜ ታጋይ ረዥም ዓመት በበረሃ የኖረ ነበር፤ የዛሬው ብዙ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከቢሮ ወይም ከሱቅ ተነሥቶ የዘመተ ወጣት ነው። ገንዘብ ያውቃል፣ ስልክ በመዳፉ ነው፣ ሒሳብ ይይዛል። ያጣው ገበያውን ነው፤ የሚገዛው ሰው እንደ እሱ ባዶ እጁን ነው። ወደ ሰሜን ምዕራብ ትግራይ የወርቅ ቁፋሮ የሄደ አለ፤ በአፋር በኩል ወደ ባሕር ተሻግሮ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመድረስ የሞከረም አለ።

ጉዱኣት ኲናት

በትግርኛ የጦር ጉዳተኞች ጉዱኣት ኲናት ይባላሉ። በመቐለ የሚገኘው የትግራይ የጦር ጉዳተኞች ማኅበር የአካል ተሃድሶ ማዕከል አለው፤ ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ ለዓመታት ሲደግፈው ቆይቷል። ማዕከሉ ሰው ሠራሽ እግርና ክንድ ይሠራል፣ ክራንችና ተሽከርካሪ ወንበር ያቀርባል፣ ፊዚዮቴራፒ ይሰጣል። እግሩ የሚሠራው ፖሊፕሮፒሊን ከተባለ ጠንካራና ርካሽ ፕላስቲክ ነው፤ በቀላል መሣሪያ ሞቆ ይቀረጻል፣ ሲሰበርም ይጠገናል። በጦርነቱ ጊዜ ዕቃ ወደ ከተማዋ እንዳይገባ ሲሆን ሥራው ተቸግሮ ነበር፤ የሚፈልገው ሰው ቁጥር ግን በዚያው ጊዜ ከመቼውም በላይ ጨመረ። ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላም የጦር ጉዳተኞች ሕክምናና ድጋፍ እየጠየቁ መቐለ ጎዳናዎች ላይ ወጥተዋል።

ይህ ማዕከል ስለ ሥራ ፈጠራ በሚናገር ጽሑፍ ውስጥ ዳር መቀመጥ የለበትም። ልብስ ስፌት፣ የጫማና የቆዳ ሥራ፣ የሞባይል ጥገና፣ የጀበና ቡና፣ ትንሽ ሱቅ፣ እነዚህ ሁሉ ተቀምጠው የሚሠሩ ቢመስሉም ባለቤቱ ጠዋት ወደ ገበያ መድረስ፣ ዕቃ መግዛት፣ ደረጃ መውጣት አለበት። ሰው ሠራሽ እግሩ ቁስል ከፈጠረበት የልብስ ስፌት መኪናውም ይቆማል። ሰው ሠራሽ እግር ለዕድሜ ልክ አይበቃም፤ ከተቆረጠው የቀረው የእግር ክፍል ቅርጹ ስለሚለወጥና ዕቃው ስለሚያልቅ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይቀየራል። በ2013 ዓ.ም. በ20 ዓመቱ እግሩን ያጣ ሰው 60 ዓመት እስኪሞላው ከ8 እስከ 13 ጊዜ አዲስ እግር ይፈልጋል።