የብራና ጽሑፍና የዲጂታል ህትመት

የብራና መጽሐፍ ዝግጅት ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይጀምራል። ቆዳው በውኃ ተዘፍዝፎ፣ በእንጨት ላይ ተወጥሮና ተፍቆ ከደረቀ በኋላ ቁም ጸሐፊው በመቃ ብዕር ይጽፍበታል። ጥቁሩ ቀለም በአብዛኛው ከጥላሸት ስለሚዘጋጅ ብርሃን በቀላሉ አያደበዝዘውም። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት ጥንታውያን ወንጌሎች ብራና ከ1 ሺህ 300 ዓመታት በላይ ዕድሜ እንዳለው በካርቦን ምርመራ ታውቋል።

ዲጂታል ህትመት በአንጻሩ ጽሑፍንም ሥዕልንም በደቂቃዎች ውስጥ ያባዛል። ዕድሜው ግን በአመዛኙ በቀለሙና በወረቀቱ ዓይነት ይወሰናል። በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟ ቀለም በብርሃን ፈጥኖ ይደበዝዛል፤ ከደቃቅ ብናኝ የተሠራው ከአሲድ ነፃ በሆነ ወረቀት ላይ ሲታተም እጅግ የተሻለ ዕድሜ አለው። ቋሚ ሰነድ የሚያሳትሙ መሥሪያ ቤቶች በግዥ ወቅት ከዋጋው አስቀድመው ሊያጤኑት የሚገባው ይህንኑ ነው።

የብራና መጻሕፍት ዲጂታል ቅጂ ዋናውን ከተደጋጋሚ ንክኪ ይጠብቃል። የቆዳውን አፋፋቅና የጥራዙን ስፌት መመርመር የሚቻለው ግን በዋናው መጽሐፍ ላይ ነው።