የፎገራ በጎችና የክረምት መስክ

የፎገራ ሜዳ በሣሩ የተመሰገነ አገር ነው። ነገር ግን ከጉና ተራራ የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ይተኙበታል፤ በነሐሴ 1998 ዓ.ም. የመጣው ጎርፍ ሕዝቡን እንኳ ከቤቱ አስወጥቶ ነበር። ስለዚህ ክረምት ሲገባ ከብትን ከሜዳው በላይ ወዳለው፥ እንደ አንበሳሜ ዙሪያ ወደ መሰለው ኮረብታማ አገር ማውጣት፥ በበጋም መመለስ የቆየ ልማድ ነው።

ይህን ልማድ ከጎርፍ መሸሽ ብቻ አድርጎ መቍጠር አይገባም። ለበግ ከጎርፉ ይልቅ ውሃው ሲሸሽ የሚቀረው ለምለም ሣር ያስፈራል። በረግረግ የምትኖር ታናሽ ቀንድ አውጣ የጉበት ትልን ታሳድጋለች፤ ትሉም ከእርስዋ ወጥቶ በሣሩ ላይ ይጣበቃል፤ በጉ ከሣሩ ጋራ ይበላዋል። ከዚያ በኋላ ጉበቱ ይቆስላል፥ ደሙ ያንሳል፥ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል፥ ብዙ ጊዜም ይሞታል።

በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1879 እና በ1880 ዝናም በዝቶ ሦስት ሚሊዮን የሚያህል በግ በዚሁ በሽታ አለቀ። ቶማስ በኦክስፎርድ፥ ሎይካርትም በላይፕዚግ መርምረው እስከ 1883 ድረስ የቀንድ አውጣዪቱን ነገር ገለጡ። ሊቃውንቱ ያስረዱት ምክንያቱን ነው፤ ከርጥብ መስክ መራቅን ግን የፎገራ ልማድ ምክንያቱን ሳይናገር ይፈጽመው ነበር።

ዛሬ ሜዳው ለሩዝ ስለ ታረሰ ግጦሹ ጠቧል፤ መሄጃ ያጣው እረኛም በጎቹን ወደ ረግረጉ ዳር ይነዳል። እንግዲህ ከፍ ያለውን ደረቅ መሬት ለክረምት መንጋ መጠበቅ የድኻውን ሀብት መጠበቅ ነው።