ቁራሹና ግብሩ

የቢቸናና የሞጣ ገበሬ በታሪካችን ሁለት ስም ተሰጥቶታል፤ የሊቃውንት አገር ሰው ይባላል፣ ግብር አልከፍልም ብሎ የሸፈተም ይባላል። ሁለቱን ሳስተያይ ግን ይህ ገበሬ የትምህርትን ዋጋ ከብዙዎቻችን አስቀድሞ ያውቅ እንደነበረ እረዳለሁ።

ከቢቸና አቅራቢያ የሚገኘው ዲማ ጊዮርጊስ ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው ደብሮች አንዱ ነው። በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥም ስሙ ይነሣል። በጎጃም ጉባኤ ቤቶች የቅኔ ተማሪ የሌላውን ቅኔ ሸምድዶ ቢያቀርብ ዋጋ የለውም፤ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ከራሱ አፍልቆ ለየኔታ መንገር አለበት። ትምህርት ማለት ማሰብ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

ይህን ሁሉ ተማሪ ማን ይቀልበው ነበር? ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየተከላከለ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ባለቤቲቱም የማን ልጅ እንደሆነ ሳትጠይቅ፣ ከልጆቿ አፍ ቀንሳ ቁራሽ ትሰጠዋለች። ፍሬውን ደግሞ በዓይኗ ታየዋለች፤ በበዓል ቀን ቅኔ ሲዘረፍ፣ ልጇ ክርስትና ሲነሣ፣ ሙቷ ሲፈታ።

በ1940 ዓ.ም. መንግሥት በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ጣለ። ዓላማው መልካም ነበር፤ ይሁን እንጂ ብዙው ገበሬ በመንደሩ ትምህርት ቤት ሳያይ ዓመታት አለፉ። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ርስቴን ልነጠቅ ነው ብሎ የሰጋው ጎጃሜ፣ በሞጣና በቢቸና ጭምር ዐመፀ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥውን ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አነሣ፣ ውዝፉንም ግብር ማረ።

የዐመፁ መነሻ ርስትና የሹማምንት በደል እንጂ ትምህርት አልነበረም። ቢሆንም ያለ ደረሰኝ ይዘረጋ የነበረው እጅ በደረሰኝ ሲጠየቅ ለምን ታጠፈ? ቁራሹ ወዴት እንደሚሄድ ይታወቅ ስለነበረ፣ የግብሩ መንገድ ግን ስለማይታይ ይመስለኛል።

የቁራሹን ዘመን ማሞካሸት አልሻም። እንደ እማሆይ ገላነሽ ካሉት ጥቂቶች በቀር ሴት ልጅ ከጉባኤው አልተቀመጠችም፤ ለሞጣው ሙስሊም ልጅም ቦታ አልነበረውም። ለእነዚህ ልጆች በር የከፈተው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በአማራ ክልል በተካሄደው ጦርነት በርካታ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የተዘጋውም ይኸው በር ነው። ለማያውቀው ልጅ ቁራሽ ሲቈርስ የኖረ ሕዝብ፣ ለገዛ ልጁ ክፍት ትምህርት ቤት ቢጠይቅ ብዙ ጠየቀ አይባልም።